ፊጋ ሳይደርሱ

እሳት አደጋን የማማት ሱስ አለብኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን ወሬው ወደ ቃጠሎ ከዞረ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ፦ «እነሱ እኮ የሚመጡት አመዱን ሊያዩ ነው!» ይህን የምለው በባለሙያ ድምፅ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው።

ቁጥሮቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ። በበዓል ዋዜማ የእሳት አደጋ ኮሚሽኑ አቶ ንጋቱ ማሞ በሬዲዮ ስለ ሻማና ስለ ከሰል ጭስ ሲያስጠነቅቁ ስንቴ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ጣቢያ ቀይሬያለሁ። አምቡላንስ ሲመጣ መንገድ እለቃለሁ፤ የምለቀው ግን ከኋላው ተከትዬ ከመገናኛው መጨናነቅ ለመውጣት ነው።

እንግዲህ ሰሚት በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድ ምሽት ከታችኛው ፎቅ ጭስ ወጣ። የምጣድ ሶኬት ተቃጥሎ እሳቱ መጋረጃ ይዟል። መጀመሪያ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ቀጥሎ ገርጂ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ፤ «እኔ ምን ላድርግልህ?» ብሎ ጮኸብኝ። 939 ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ያነሳችው ልጅ ረጋ ያለች ናት። «አድራሻዎን ይንገሩኝ።»

«ሰሚት!»

«ሰሚት የት ጋ?»

«ፊጋ ሳይደርሱ።»

«ከየት ሲመጡ?»

ይህን አስቤው አላውቅም። ሰው ሁሉ እኔ በለመድኩት በኩል የሚመጣ ይመስለኛል። «ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ» አልኳት፤ ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ክፍለ ከተማ ስትለኝ «ቦሌ» አልኩ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆኗል፤ እኔ ግን «ቦሌ ነው የምኖረው» ማለቱ ስለሚጥመኝ አልተውኩትም። ምን እየተቃጠለ እንደሆነ፣ ውስጥ የቀረ ሰው እንዳለ፣ ትልቅ መኪና የሚያስገባ መንገድ እንዳለ ጠየቀችኝ። «ይሄ ሁሉ ምን ያስጠይቃል? ላኩ እንጂ!» አልኩ። ቤት በቁጥር በማይገኝበት ከተማ የልጅቷ ካርታ ያ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ካርታውን እየቀደድኩባት ነበር።

ስልኩን ከእጄ የነጠቁኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። «እህቴ፣ ለሚ ኩራ ነን። ከዋናው መንገድ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ሁለተኛው በር። ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ ቆጣሪው ጠፍቷል። በሩ ላይ ልጅ አቆማለሁ፣ እጁን ያሳያችኋል።» አለቀ። ቆጣሪውንም ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ቀረጻ ላይ ነበርኩ።

መኪናው መጣ። ልጁ እጁን አውለበለበ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ማለፍ አቃተው፤ አንዲት ቪትዝ ጥጉን ይዛ ቆማለች። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «የማን ናት?» አለ። ሰዉ ዞር ዞር አለ። እኔም አብሬ ዞር ዞር አልኩ፤ እንዲያውም «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያቆመው?» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ የርስዎ ናት እኮ።»

ቁልፉ ጭሱ በሸፈነው ደረጃ በኩል፣ ከላይ ቤቴ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች «ሆ!» ብለው ከነጎማዋ አነሷትና ወደ ጎን አደረጓት። እሳቱ ከወጥ ቤቱ ሳያልፍ ጠፋ።

ቪዲዮውን ያንኑ ማታ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ በቴሌግራም ላክሁት፤ «እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መጡ» የሚል ጽሑፍ ጨምሬ። ቪትዟ የምትታይበትን ቆርጬዋለሁ።