ቤቱ ብቻውን

በእንግሊዝ አገር፣ በባሕር ዳርቻ ባሉ ገጠሮች፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ቤት ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፣ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውጀው የቤቱን እርጅና ነው፤ ደረጃው ሲረገጥ ቢያቃስት፣ መዝጊያው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቢንኳኳ፣ በጭስ መውጫው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ብትገኝ፣ ይህ ሁሉ «ጠባይ ያለው ቤት ነው» እየተባለ በዋጋው ላይ ይደመራል እንጂ ከዋጋው ላይ አይቀነስም። ንግሥቲቱ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. የጻፉላትን ደብዳቤ ሹማምንቷ ያለ መልስ አኑረውት እስከ መቅደላ ያደረሰ መዘዝ የመጣው በእርሷ ዘመን ነው፤ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱም በስተርጅናዋ ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ልካለች። በቤት ረገድ በዘመነ መንግሥቷ ከተደረጉት በጎ ሥራዎች ዋነኛው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲከፈል የኖረው የመስኮት ግብር በ1851 እ.ኤ.አ. መሻሩ ይመስለኛል፤ ብርሃን እንደ አሞሌ ጨው በቀረጥ ይገባበት የነበረው ቤት ሁሉ ከዚያ ወዲያ ደረቱን ነፍቶ ሰፊ መስኮት ያወጣ ጀመር። የኋለኞቹ ትውልዶችም እነዚህ ቤቶች እንዳይፈርሱ የሚሟገት ማኅበር በ1958 እ.ኤ.አ. አቁመዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር አብዝቶ የሚያነብ ሰው፣ በሮቤ ከተማ ጡረታ ወጥቶ ሲቀመጥ፣ ለራሱም ለቤተሰቡም ያሰጋል። ስለዚህም አንድ ደላላ በደሎ መና የሚሸጥ ቤት መኖሩን ነግሮኝ «አሮጌ ነው፤ ግን አይስጉ ጋሼ» ባለኝ ጊዜ፣ «አሮጌ» ካለው ቃል ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁትም።

ወደ ደሎ መና የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ መውጣት አለበት። ጎባን አልፎ፣ ጅብራው በውርጭ መካከል እንደ ባሕታዊ ብቻውን ወደቆመበት፣ ቀይ ቀበሮውም አይጥ ወደሚያደባበት፣ አራት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው ወደ ሳነቴ ሜዳ ይወጣል፤ በዚያም የቱሉ ዲምቱን ራስ፣ 4377 ሜትሩን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሳለማል። ከዚያ መንገዱ በአስታው መካከል ተጠማዝዞ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሪራ ላይ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀርከሃውና ኮሶው አልፎ፣ ቡና ያለ ተካይ በገዛ ራሱ ከሚበቅልበት ከሐረና ደን ሲደረስ ኮቱ ይወልቃል፤ ደሎ መና ሲገባ ግን በጨዋ ደንብ የሚወልቅ ነገር አይቀርም።

እንደ እንግሊዞቹ ሥርዓት ቤቱ በባሕር አቅራቢያ መሆን ይገባው ነበርና፣ ስለ ባሕሩ ደላላውን ጠየቅሁት። «ያዶት አለልዎት!» አለኝ፣ ቅር ሳይለው። በዚህም አልተሳሳተም፤ የያዶት ውኃ ወደ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌም ዳዋን ተቀብሎ ጁባ ይሆንና በኪስማዮ አጠገብ ከህንድ ውቅያኖስ ይደርሳልና፣ ከዚያ ቤት በረንዳ ላይ የተደፋ የሲኒ እጣቢ፣ የቆላው ፀሐይ በመንገድ ካልጠጣው በስተቀር፣ ባሕር የማየት ተስፋ አለው።

ቤቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ደሎ አውራጃ ሳለ፣ አንድ የቡና ነጋዴ ያሠራው ነው። ምሰሶውና ወጋግራው ከደጋ የወረደ ጥድ ስለ ሆነ ምስጥ ቀምሶ ትቶታል፤ ወለሉ የዝግባ ጣውላ ነው፤ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ ሆኖ፣ በየዓመቱ የተቀባው ኖራ ተደራርቦ የጣት ያህል ወፍሯል፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ ዝናቡም በላዩ ላይ ካርታ ሥሎበታል። ደላላው ካርታ ሲል ግን የሚያስበው የማዘጋጃ ቤቱን ነበር። ዙሪያውን የሚከበው በረንዳ ከነእንጨት ፈርጡ አንዳች ሳይጎድልበት ቆሟል፤ በሮቹ ረጃጅምና ባለ ሁለት ተከፋች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የሚዘጋው በትከሻ ሲገፋ ብቻ ነው፣ የሚከፈተው ደግሞ ራሱ በፈቀደ ጊዜ። ጠባይ ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ደላላው ግን በበረንዳው ሥር እያለፈ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። እርሱ ያሳየኝ የነበረው ምድሩን ነው፤ ፊት ለፊቱ መንገድ መሆኑን፣ ጥጉ ለሱቅ የሚመች መሆኑን፣ በእርምጃ እየለካ። «ቤቱንስ?» ብለው፣ «ግድ የለም፣ በአንድ ቀን ይፈርሳል» ብሎ አጽናናኝ። ቅርስ እኮ ነው ብዬ ብቃወም፣ ቅርሱ ተራራው መሆኑን፣ እርሱም በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዓለም መዝገብ መግባቱን ከእኔ ይልቅ አጣርቶ ነገረኝ።

በዚህ ስፍራ የሕጋችንን ረቂቅነት ሳላደንቅ ማለፍ አይሆንልኝም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ ለመንግሥት አድርጎ፣ ትርፍ ቤትንም ወርሶ፣ ለሰው መኖሪያውን ተወለት፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ሻጭ በውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ «ቤት ሸጥሁ» ይላል፤ ገዢም «ቤት ገዛሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ቀለሙም ሳይደርቅ ገዢው የገዛውን አፍርሶ ሕግ ባልሸጠለት ነገር ላይ ፎቅ ያቆማል። በመላው ከተማ በሕጉ ቃልና መንፈስ መሠረት፣ ቤቱን ስለ ቤትነቱ የሚፈልግ ቢኖር እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እንደ ዕብድ የታየሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቱ አረጋዊ ሐጂ ናቸው፤ የሐረና ቡና አስፈልተው በደንብ ተቀበሉኝ። ዋጋውም በደላላው ዘንድ ተቈርጦ ነበር። እኔ ግን በቅንነት፣ «ሐጂ፣ እኔ አላፈርሰውም፤ እኖርበታለሁ፤ በረንዳው ልቤን ወስዶታል» ብዬ ተናገርሁ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቁመው በረንዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ሁሉ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያም ዋጋውን በሩብ ጨመሩት። «እንዲህ የሚወደድ ከሆነ፣ ልጄ፣ እኔስ ለምን በርካሽ እለየዋለሁ?» አሉ። ለዚህ ነገር ፍትሐ ነገሥት ቢገለጥ እንኳ መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም። ደላላው ወደ ጓሮ ስቦ ወስዶኝ፣ ቤት የሚገዛ ሰው ቤት እንደማይወድ፣ ቢወድም እንደ ኃጢአቱ በኅሊናው ብቻ ሊይዘው እንደሚገባ ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠኝ።

ዳሩ ግን ደላላ ኮሚሽኑን በከንቱ አይጥልምና መላ አመጣ። ቦታውን ብቻ የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ እኔ ቤቱን ብቻ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ያ ሰው በውሉ ላይ ቤቱን ይግዛ፣ ቤቱን ግን እኔ ነቅዬ ልውሰድ፤ ለእርሱ ማፍረሻ ይተርፈዋል፣ ለእኔ ወጋግራውና ጣውላው በማገዶ ዋጋ ይሆንልኛል፣ ሐጂም ሁለት ጊዜ ይሸጣሉ፤ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ሦስተኛ ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አልጠቀሰም። ሐሳቡን ሳሰላስለው ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነገር አጣሁበት።

ወደ ሮቤ የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ተጠርቶ መጣና ቤቱን ዞሮ አየው፤ ምሰሶውን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተው። የጭነቱ ክብደት፣ የሳነቴም ዳገት አላሳሰበው። «ጋሼ» አለኝ፣ «ይህን ሁሉ ጥድና ዝግባ ጭነን ከሐረና ስንወጣ፣ ኬላው ላይ አስቁመውን ‹ይኼ እኮ ቤት ነው› ብንል ማን ያምነናል?» ብዙ ከተመካከርን በኋላ፣ ያን አመለኛ በር ከነመቃኑ በጭነቱ ኋላ አቁመን እንድናስረው፣ ቁልፉንም ለኬላው ጠባቂ አስቀድመን እንድናሳየው ተስማማን።