ወልደ ማን?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ለእናቴ፣ ቤቴል

እማዬ፣ እኔ ከብርዱና ከስሜ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ባለፈው ባንክ ሄደሽ «የላኪው ስም አይገጥምም» ብለው እንደመለሱሽ እኅቴ ነገረችኝ። በባንኩ ልጅ አትፍረጂበት። አንቺ ለሚካኤል ተስለሽ አግኝተሽኝ ወልደ ሚካኤል አልሽኝ። እዚህ ግን ስሜ መሐል ባዶ ቦታ ሲያዩ ለሁለት ቆረጡኝ። መንጃ ፈቃዴ ላይ «ወልደ» ነኝ፣ የደመወዝ ቼኬ ላይ «ማይክል»። ወልደ ይነዳል፣ ማይክል ይከፈለዋል። ገንዘቡን የላከልሽ ወልደ ነው። እስኪ አስቢው፤ «ወልደ» ብሎ ማቆም «የእንትና ልጅ» ለማለት ጀምሮ አፍን መያዝ ነው። አለቃዬ በጠራኝ ቁጥር «ወልደ ማን?» ልለው ይቃጣኛል።

መድኃኒቷ ሰረዝ ናት ይሉኛል፤ ያቺ በሁለት ቃል መሐል የምትጋደመው አጭር መስመር። እንግሊዝኛ ለእሷ የሚሆን ግሥ አበጅቶላታል፤ ሁለቱን በሰረዝ ማጣመር «ሃይፈኔት» ማድረግ ይባላል። አብሮኝ የሚኖረውን የደሴ ልጅ ክሊኒክ ውስጥ ጸሐፊዋ «ስምህን ሃይፈኔት ታደርጋለህ?» ብትለው ስለ «ሃይፐርቴንሽን»፣ ስለ ደም ግፊት የጠየቀችው መስሎት «እናቴ ናት እንጂ ያለባት፣ እኔ ጨውም አልወድ» አላት። ለክተውት ነው የለቀቁት።

እዚህ ያገባች ሴትም ከፈለገች የአባቷንና የባሏን ስም በሰረዝ ታጣምራለች። እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች ስላቸው፣ ፍቺ የቀመሱት የሥራ ባልደረቦቼ አገራችን የት እንደሆነ በካርታ አሳየን አሉኝ።

ከስምም አልፎ ሰው ራሱ፣ የመጣበት አገር «አሜሪካዊ» ከሚለው ጋር፣ በሰረዝ ይጣመራል። ከሌላ አገር መጥቶ ዜጋ የሆነውን «ባለሰረዝ አሜሪካዊ» ይሉት ነበር፤ ስድብ ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1915 ኒውዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር፣ በዚህ አገር ለባለሰረዝ ቦታ የለም ብሎ ደንፍቷል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው ትልቁ የዜና ድርጅት እንዲህ ካሉት ስሞች ላይ ሰረዟን አነሣት። ሩዝቬልት ማስወጣት የፈለገው ሰዎቹን ነበር፤ ሰዎቹ ቀሩ፣ ሰረዟ ወጣች።

የኛ ሊቃውንት እኮ እዚህ ጣጣ ውስጥ አልገቡም፤ ማጣመሪያውን ፊደሉ ውስጥ ነው የደበቁት። «ወልድ» የነበረው «ወልደ» ሲሆን፣ ሳድሱ «ድ» ወደ ግዕዙ «ደ» ሲዞር ነገሩ አበቃ፤ ቀጥሎ ባለቤት እንደሚመጣ ጆሮ ያውቃል። ገብር ገብረ፣ ኃይል ኃይለ፣ ተክል ተክለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ይህቺ ድምፅ ጠባቂ የላትም። አትሌት ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:03:59 ጨርሶ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ዓለም የሚያውቀው የአባቱ ስም «ገብርሥላሴ» ሆኖ ነበር። እሱ ሁሉንም ቀድሞ ገባ፤ «ረ» ግን «ር» ሆና መንገድ ቀርታለች።

የሰፈራችን ስምስ ቢሆን! ቤቴል «ቤት»ና «ኤል» ነው፣ የእግዚአብሔር ቤት። እ.ኤ.አ. በ1901 የታተመው የአሜሪካኖቹ መጽሐፍ ቅዱስ መሐሉ ላይ ሰረዝ አጋድሞበታል። ከጦር ኃይሎች የሚጭነው የታክሲ ረዳት ግን «ቤቴልወይራአለምባንክ» ብሎ ባንድ ትንፋሽ ሲጠራ ሰረዝ የለ፣ ክፍተት የለ፤ ተሳስቶ የተሳፈረ ሰው አላየሁም። ደግሞ ይገርምሻል፣ ዘፍጥረት 35 ላይ ያዕቆብ ከስደት ተመልሶ ቤቴል ሲደርስ እስራኤል የሚል ስም ተጨመረለት። እኔ ከቤቴል ስወጣ ተቀነሰብኝ።

ለማንኛውም ስሜ እንዲስተካከል ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ እስኪፈቀድ ድረስ ባንክ ስትሄጂ «ላኪው ማነው?» ካሉሽ «ወልደ» ብለሽ ዝም በይ። ሚካኤልን እንዳትጨምሪባቸው፤ ቅር ቢለው እኔ ዝክሩን እደግሳለሁ።

በርበሬውንና ሽሮውን በሚመጣ ሰው ስትልኪ ካርቶኑ ላይ ስሜን አንድ ላይ አያይዘሽ ጻፊው። ለሁለት ከከፈልሽው የደሴው ልጅ «ማይክል እኔ ነኝ» ብሎ ይቀበላል፤ ደም ግፊት ስለሌለበት ደግሞ ይጨርሰዋል።

ልጅሽ