የከርከሮው አዲስ ቤት

ከእንጦጦ ግርጌ አንድ ኮረብታ ነበር አሉ። በኮረብታው ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ የቆፈረው አዋልዲጌሳ ነው። ሌሊት ምስጥ ፍለጋ ይቆፍራል፣ ሲነጋ ትቶት ይሄዳል። እሱ በተወው ቀበሮዋ ወለደችበት፤ ከርከሮውም አንዱን አስፍቶ ገባበት፣ የተረፈውን ደግሞ በወር 2 ቁና ገብስ ለጃርት አከራየ።

አንድ ዓመት ጉሬዛዎች ከዋርካው ሥር ማምሸት ጀመሩ። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ዘርግተው ቡና ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ። የኮረብታው ስም በየጫካው ተሰማ። ይኼኔ ከርከሮው ጃርቱን፣ "ቤቱን ላድሰው ነውና ልቀቅልኝ" አለው። ጃርቱ ከነልጆቹ ወጣ። ከርከሮው ግድግዳውን በነጭ አፈር ለሰነው፣ ደጁ ላይም የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ደረደረ። ጣት የሚያስገባው የድሮ ስንጥቅ ከልስኑ ሥር ቀረ።

ቁራ ደላላ ሆነ። ሽኮኮ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ቤት ሊያይ ሲመጣ ቁራው ግድግዳውን በክንፉ እያሻሸ፣ "ጋሼ፣ ሙሉ እድሳት ነው። ጠዋት አንዲት ሚዳቋ አይታ ወዳዋለች፤ ከሰዓት ቀብድ ይዛ ትመጣለች" አለው። ኪራዩ በወር 20 ቁና ነው፤ የ6 ወር በቅድሚያ፣ የደላላው ለብቻ። ሽኮኮ ከነሚስቱ ለቅሞ በወር የሚያገኘው 25 ቁና ነው። የወንድሙን ዕቁብ ተበድሮ ከፈለ። ቁራው በዚያው ቀን ከከርከሮውም ድርሻውን ተቀበለ።

ሐምሌ ገባ። ልስኑ እየራሰ፣ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ በተኙት ልጆች ላይ ይወድቅ ጀመር። የሽኮኮ ሚስት ስንጥቁን በሳርና በጭቃ ስትደፍን አመሸች፤ ሲነጋ ውሃው በሌላ በኩል ገብቶ አገኘችው። የሚጠጣው ውሃ ግን ጠፋ። ምንጩ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ይፈሳል፤ በሌላው ቀን ግመል ከሩቅ ታመጣለች፣ በእንስራ 1 ቁናም ታስከፍላለች። ሽኮኮ ሄዶ አቤት ቢል ከርከሮው፣ "ጥገና የተከራይ ነው። ይልቅ ጉሬዛዎቹ በዝተዋልና ስድስቱ ወር ሲያልቅ 30 ታደርገዋለህ" አለው።

የኮረብታው ጩኸት አንበሳው ዘንድ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ነጋሪት ተጎሰመ፦ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመትም አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ እሱም በተወሰነው ልክ። ውሉን ኤሊ መዝግባ ትያዝ። ያን ሌሊት በየጉድጓዱ እልል ተባለ። እልልታው ከልብ ነበር፤ ስንቱ ነው ለዚያች ቀን የተሳለው።

በማግስቱ ቁራው ሁለት ብራና ይዞ መጣ። አንደኛው 2 ቁና ይላል፣ ለኤሊ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው 30 ቁና ይላል፣ ከከርከሮው ዘንድ የሚቀመጥ ነው። ሽኮኮ ብራናዎቹን አየ፣ ልጆቹን አየ። ከማዶ ጅብ ይጮሃል። በሁለቱም ላይ መዳፉን አተመ።

ብዙም ሳይቆይ ከርከሮው፣ "ልጄ ከባሕር ማዶ ሊመጣ ነው፤ ቤቱን እፈልገዋለሁ" አለ። ሽኮኮ ወደ ኤሊ ሮጠ። ኤሊ ብራናዋን አገላብጣ አነበበችና፣ "2 ዓመት ትኖርበታለህ፤ ማንም አያስወጣህም" አለችው። ደስ ብሎት ሲመለስ ከርከሮው ጣሪያውን በክራንቻው እየናደ አገኘው።

"ውሉ ስለ ጣሪያ አይናገርም" አለው ከርከሮው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ልጅ አልታየም። ጣሪያው ተመለሰ፣ ግድግዳው ዳግመኛ ተለሰነ። ኪራዩም ከእንግዲህ በገብስ መሆኑ ቀረና የፈረንጅ አገር ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይዘውት በሚመጡት ፍሬ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አዋልዲጌሳ እርጅና ተጭኖት ተመለሰ። "እዚህ እኔ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነበር፤ ልረፍበት" አለ። ቁራው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ "አባባ፣ ሰፈሩ ተወዷል። ለቆፋሪ ግን ሥራ አለ" አለው። አዋልዲጌሳ በሌሊት አንድ እፍኝ ገብስ እየተከፈለው ለከርከሮው ሌላ ሦስት ጉድጓድ ቆፈረ። ሲነጋ ከጥፍሩ ሥር አፈሩን ጠርጎ ወንዙን ይሻገራል። እዚያ አንዲት አሮጊት አይጥ ባከራየችው ጎሬ የሽኮኮ ቤተሰብ ደባል ሆኗል። ጃርቱም ጎረቤታቸው ነው።

በሦስተኛው ወር ጉሬዛዎች ከወንዙ ማዶ ካለችው ሾላ ሥር ሲያመሹ ታዩ። በነጋታው ቁራው አይጧን ሊጠይቅ መጣ፤ አንድ ቁና ነጭ አፈርም ይዞላት ነበር።

"እሜቴ፣" አላት፣ "ጎሬውን ትንሽ ቢያሳድሱት።"