ዋንጫው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው

የድሬዳዋ ከተማን መጪ የውድድር ዘመን ለመተንበይ የደቻቱን በርጫ የሚያክል ተቋም የለም። አሠራሩ ጥብቅ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ገራባው ገና ሳይከመር፣ «ዘንድሮስ ካልወረድን ተመስገን» ይባላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርቱካናማዎቹ አምስተኛ ይወጣሉ። ዐሥር ሰዓት ላይ ዋንጫው የእኛ ነው፤ ማስረጃም አለ፤ የድሬው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ኮተን በ1950ዎቹ አንስቶታል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአል አህሊ ጋር ካይሮ ላይ አቻ ወጥተን ለመልሱ ድሬ እንጠብቀዋለን፤ ሙቀቱ ይጨርሰዋል። የሚጠራጠር ካለ ወጥቶ ደቻቱን ይመልከት፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ይዞ ወንዝ ይባል የለም?

ምሽት ላይ ምርቃናው ሲበርድ አንዱ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦ «አቦ፣ ለመሆኑ በረኛ አለን?»