«ሰው ምን ይለኛል» በ13,000 ጫማ

«አስተማሪዬ አየር ላይ ሁለት ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ እኔም ሁለት ጣቴን አሳየሁት።»

ጎሽ! በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ቁልቁል እየወረደ ሰላምታ የሚመልስ ልጅ ያሳደጉ እናት ይባረኩ። ሁለት የተቀሰሩ ጣቶች ግን «እግርህን ዘርጋ» ማለት ናቸው። ጉልበትህን አጥፈህ ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ ስትሰበስብ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ፤ ግራና ቀኝ የያዙህ ሁለቱ አስተማሪዎችም የበዓል በግ ከገበያ እንደሚጎትት ሰው ይታገሉሃል። ምልክቱን ጠዋት መሬት ላይ ተምረኸው ነበር። «ገባህ?» ስትባል ራስህን ነቀነቅህ። እንዳልገባህ አንተም ታውቃለህ፣ አስተማሪውም ጠርጥሯል፣ አጠገብህ የተቀመጠችው ልጅም ነቅታብሃለች። ታዲያ ለምን አልጠየቅህም? እሷ ፊት!

ፍርሃትን እኔ አልተርብም። ፍርሃት ቁም ነገረኛ ነው፤ የደረትህን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ያስነካሃል፣ እጀታህ ያለበትን ሦስት ጊዜ ያስዳስስሃል። የምተርበው ይሉኝታን ነው። በፓራሹት ዝላይ ሜዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ሰበብ ሁሉ ሲገላለጥ፣ ከሥሩ «ሰው ምን ይለኛል» ተጋድሞ ይገኛል። ሰውየው ደግሞ ምንም አላለም። ሳንዱቹን እየበላ ነው።

«ዕቃዬን ሌላ ሰው ይፈትሽልኝ ማለት ያሳፍራል፤ ጀማሪ ያስመስላል።»

ጀማሪ ነህ እኮ! አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት እንኳ ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠየቃል፤ አንተ ገና አራተኛህ ላይ ነህ። ደግሞም አውሮፕላን ውስጥ ዞር በልልኝ፣ እስቲ ጀርባዬን እይልኝ ሲባባሉ የምታያቸው ሺህ ጊዜ የዘለሉት ናቸው። የደረቱ ማሰሪያ በዘለበቱ ውስጥ በትክክል አልፏል? የእግሮቹስ ጠብቀዋል? እጀታዎቹ በየቦታቸው ናቸው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን የሚያውቁት መቀነት ነው። መቀነት ሲፈታ ጉዳቱ ሐፍረት ብቻ ነው።

«እኔ እንኳ ጀማሪ አይደለሁም፤ ዱባይ ፓልም ጁሜይራ ላይ ዘልያለሁ፤ ቪዲዮውም አለኝ።»

ቪዲዮውን አይተነዋል፤ ያልላክህለት ዘመድ የለም። አስተማሪው ደረት ላይ ታስረህ ነበር የወረድከው። የዘለለው እሱ ነው፤ አንተ ሻንጣው ነበርክ።

«በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ሰውነቴ ድርቅ አለ።»

ወደ ታች ምን ልታይ? የጣልከው ነገር አለ? መሬት የትም አትሄድብህም። ልክ ስትወጣ ነፋሱ የሚያገኝህ አውሮፕላኑ ከሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከፊት ነው። ደረትህንና ወገብህን ለእሱ ስጥ፣ አገጭህን ቀና አድርግ፣ ወገብህን ወደፊት ግፋ። እምብርትህ ከሌላው አካልህ ሁሉ ዝቅ ሲል ነፋሱ ራሱ በሆድህ ያስተኛሃል። የደረቀ ሰውነት ግን ይንገጫገጫል። ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አይተናል፤ እስክስታውን ለሠርግ አቆየው። በረጅሙ ተንፍስ፣ ፈገግ በል። ፈገግታው ለካሜራው አይደለም፤ የሚስቅ ሰው መንጋጋው ይላላል፣ መንጋጋ ሲላላ ትከሻም ይከተላል።

«ከፍታ መለኪያዬን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።»

እህቴ፣ ምን ይዞሽ ነበር? ስብሰባ? ከ13,000 ጫማ ወጥተሽ 5,500 ላይ እስክትከፍቺ ያለሽ 45 ሰከንድ ገደማ ነው። ፍጥነቱ ከሞላ በኋላ 1,000 ጫማ በ5 ሰከንድ ተኩል ያልቃል። አድማሱን ታያለሽ፣ መለኪያውን ታያለሽ፣ አስተማሪዎቹን ታያለሽ፤ ከዚያ እንደገና። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም፤ መሬት ከሰዓቷ አታረፍድም።

«ብረሳም መሣሪያው ራሱ ይከፍትልኛል።»

እውነት ነው፤ ሄልሙት ክሎት የተባለ ጀርመናዊ ሳይፕረስ የሚባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 አውጥቶ የብዙ ሰው ነፍስ ተርፎበታል። የነባር ዘላዮቹ ሞዴል ግን መጠባበቂያ ፓራሹቱን የሚከፍተው 225 ሜትር አካባቢ ደርሰህ አሁንም በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወረድክ ከሆነ ነው። በሙሉ ፍጥነት ከዚያ እስከ መሬት 4 ሰከንድ ነው። በ4 ሰከንድ ስምህንና የአባትህን ስም ትጠራለህ፤ አያትህ ወልደ ጊዮርጊስ ከሆኑ አይደርሱም።

«ፓራሹቱ ተጠምዝዞ ይሽከረከር ነበር። ግን አዲስ ነው፤ ጥዬው ብወርድ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል ብዬ ታገልኩት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቢል ቡዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሦስት ቀለበት አሰናስሎ መልቀቂያ የሠራው ማን ይልቀቅ ብሎ ይመስልሃል? ትልቁ ቀለበት ያንተን ክብደት ይሸከማል፤ ከትልቁ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ትንሹ ሲተላለፍ ሸክሙ እየቀለለ ሄዶ መጨረሻ ያለችው የክር ቀለበት ዘንድ ሲደርስ ኢምንት ይሆናል። ስለዚህ በቀኝ ደረትህ በኩል ያለውን እጀታ ስትጎትት ያ ሁሉ የሚሽከረከር ጣጣ ባንድ ጊዜ ይሄድልሃል። ከዚያ የግራውን፣ የመጠባበቂያውን። ተማሪ ይህን ወስኖ መጨረስ ያለበት እስከ 2,500 ጫማ ድረስ ነው። ጨርቁ ተፈልጎ ይገኛል፤ ባይገኝም ይገዛል። አንተን የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም።

አሁን እናንተ አራታችሁ ወዲህ ኑ። አዎ፣ ልብሳችሁ አንድ ዓይነት የሆነው፣ ሐሳባችሁ አራት ዓይነት የሆነው።

ለማያውቅ ሰው፦ የአራት ሰው ቡድን ከአውሮፕላን ከወጣ በኋላ የሚቆጠርለት 35 ሰከንድ ነው። ቅርጾቹ የታወቁ ናቸው፤ 16 ነጠላ ቅርጽና 22 ተያያዥ ቅርጽ። ከእነዚህ ዕጣ ይወጣል፣ ቡድኑ የወጣለትን ቅደም ተከተል እየደጋገመ ይሠራል፣ በትክክል የተሠራው ይቆጠራል። አምስተኛው ሰው ካሜራ ራሱ ላይ አስሮ ከበላያቸው ይወድቃል። ዳኛው የሚያየው እሱ የቀረጸውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የካሜራውን ሰው ምሳ የማይጋብዝ ቡድን ሞኝ ነው።

«እኔ ፈጥኜ ደርሼ ነበር፤ የዘገዩት እነሱ ናቸው።»

ደርሰህስ ምን አደረግህ? ጓደኛህን ገጭተህ ሦስቱንም አዞርካቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ ግን ለመልቀሚያው 35 ሰከንድ እንኳ አልተረፈህም፣ ግማሹን በማፍሰስ ጨርሰኸዋል። ደግሞ እጅህን ከሩቅ ዘርግተህ ነው የምትመጣው። እጅህን ወደ ጓደኛህ በዘረጋህ ቁጥር ነፋሱ እጅህን እየገፋ ከእሱ ያርቅሃል፤ አንተም የሸሸህ እሱ ይመስልሃል። በእግርህ ብረር። ከፍታህ ከእሱ እኩል ይሁን፣ ቦታህ ላይ ድረስ፣ ቁም፤ እጅህ ያን ጊዜ መያዣው ላይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ይዘህም አትጎትት። አንተ የጎተትከው እግር ከሌላው እጅ ይወጣል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ ሁሉም የጣመመውን ሊያቀና ይታገላል፣ ካሜራውም ይህን ሁሉ ለታሪክ ያስቀምጣል።

«ቀጥሉ የሚለውን ምልክት አላየሁትም።»

ምን ታይ ነበር? የያዝከውን እግር! እግሩ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ላይ ተሰፍቷል። ዓይንህ በመሀል አልፎ ከፊት ለፊትህ ያለውን ሰው ይይ፤ ምልክቱ የሚመጣው በጭንቅላት ንቅናቄ ነው፣ በደብዳቤ አይመጣም። ከአንዱ ነጠላ ቅርጽ ወደ ሌላው ስትሄዱ ደግሞ ሁላችሁም የያዛችሁትን የለቀቃችሁበት ቅጽበት በግልጽ መታየት አለበት፤ አንድ እጅ ሳይለቅ ከቀረ ዳኛው ይቀንስባችኋል። ያ የሞኝና የወረቀት ጉዳይ ፓራሹት ላይ ብቻ አይሠራም።

«ቀላል ስለሆንኩ እነሱ ይወርዳሉ፣ እኔ ከላይ እንሳፈፋለሁ።»

እናትሽ «ብዪ» ሲሉሽ ለዚህ ነበር። እንግዲህ ወገብሽ ላይ የእርሳስ ቀበቶ ይታሰርልሻል፤ ያ ደንዳናው ጓደኛሽ ደግሞ ነፋስ የሚይዝለት ሰፊ ልብስ ይሰፋለታል። መሬት ላይ እሱ ስለ ኪሎው ሲታማ ኖሯል፤ እዚህ ኪሎ በገንዘብ የምትገዢው አንቺ ነሽ።

«ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ በሆድ ተኝቶ ሜዳ ላይ መንከባለል ያስቃል። ሰው ያየናል።»

ይይ! በፊኒክስና በቱሳን መካከል ያለችው ኢሎይ የተባለች የአሪዞና ከተማ የዓለም ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈ ኤርስፒድ የሚባል ቡድን አላት። እንደዚያ ያሉት ሰዎች ናቸው ሜዳ ላይ አንዴ በእግራቸው እየተራመዱ፣ አንዴ ሰሌዳው ላይ ተኝተው ያንኑ ቅርጽ እስኪሰለቻቸው የሚሠሩት። ከታች ወደ ላይ ነፋስ በሚተፋው ማሠልጠኛ ውስጥ የሚከፈለው በደቂቃ ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ በየዝላዩ ያስከፍላል። መሬት ላይ መንከባለል ነጻ ነው። መሬት ላይ ያልገባህን ቅርጽ እላይ ወጥተህ ይገልጥልኛል ብለህ ከሆነ፣ ያ ሱባኤ ነው እንጂ ልምምድ አይደለም።

«ከቅርጹ በታች ወረድኩ። ጓደኞቼን እንዳላሳፍር እስከ መጨረሻው ታገልኩ።»

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ገታ ላድርግ። የመለያያው ከፍታ ሲደርስ ቅርጹ ሞላ አልሞላ፣ አንተ ደረስክ አልደረስክ ጨዋታው አልቋል። ፊትህን አዙረህ ከመሀል ትርቃለህ፣ በተቻለህ መጠን ጠፍጥፈህ ትሄዳለህ፣ ከበላይህ ያለ ሰው እንዲያውቅ እጅህን አወዛውዘህ ትከፍታለህ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2006 ታይላንድ፣ ኡዶን ታኒ ሰማይ ላይ 400 ሰው ተያይዞ ዛሬም የሚጠቀስ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ስንት ቆዩ መሰለህ? 4.25 ሰከንድ። አራት መቶ ሰው፣ ያ ሁሉ አውሮፕላን፣ ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ፤ «ትንሽ እንቆይ፣ ደስ ይላል» ያለ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ሰማይ ላይ በሰዓቱ ያልተበተነ ድር ግን የሚያስረው ራሱን ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ አንድ ፍሬ ልጅ አየር ላይ መንገድ ልልቀቅለት?»

ጋሼ፣ ሜዳው ላይ ከመቀመጫችን ብድግ እንልልዎታለን፣ ውሃም እናቀርባለን። ፓራሹት ላይ ግን ቅድሚያ የታችኛው ነው። ልጁ ከእርስዎ በታች ከሆነ ታላቅዎ እሱ ነው፤ ሲያርፉ ይቆጡታል።

«ሰዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ላርፍ ብዬ ዝቅ ብዬ ዞርኩ።»

ይሄ ነው የቁጣዬ ዋና። ሰው ሞት የሚመጣው ፓራሹት አልከፈት ሲል ይመስለዋል። የዛሬ ዘመን አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሚገባ ተከፍቶ፣ በሚገባ እየሠራ ባለ ፓራሹት ሥር ነው። አንዱን መሪ እጀታ አጥብቀህ ስትስብ ጨርቁ ወደዚያ ጎን ያጋድላል፣ አንተ ወደ ውጭ ትወረወራለህ፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍታውም ይበላል። ከላይ ሆኖ ሲሠራ ደስ የሚል ነገር ነው። መሬት አጠገብ ሲሆን ግን ፓራሹቱ ተመልሶ ከራስህ በላይ ሳይመጣ አንተ ቀድመህ ትደርሳለህ። ለዚህ ነው በ1,000 ጫማ ነፋሱን ከኋላህ አድርገህ፣ በ600 ወደ ጎን ታጥፈህ፣ በ300 ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙረህ ና የተባልከው፤ ከዚያ በኋላ ጉብኝት የለም። ከፊትህ አጥር ከመጣና መዞር ግድ ከሆነብህ ሁለቱንም መሪዎች ግማሽ ድረስ ይዘህ በዝግታ ዙር። ያለዚያ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ ነፋሱ ከኋላህ ቢሆንም፣ ሜዳው ያልታሰበ ቢሆንም። መሬት 10 ጫማ ገደማ ሲቀር ሁለቱን እኩል እስከ ታች ሳብ፣ እግርና ጉልበትህን ግጠም፣ ካስፈለገም ተንከባለል። በሁለት እግሬ ቆሜ ካላረፍኩ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን የሰጠ ጀግና ስንት አለ! ያዩት ሰዎች እኮ፣ እንዳልኩህ፣ ሳንዱች እየበሉ ነበር።

«እኔስ ቀጥ ብዬ ጥጥ ማሳ ውስጥ አረፍኩ። ፓራሹቱን ታቅፌ፣ አቧራ ለብሼ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጣሁ። ሁሉም ሳቁብኝ።»

በምንህ መጣህ?

«በእግሬ።»

እግርህ አለ ማለት ነው። ማሳ ውስጥ ስታርፍ የመጀመሪያህ ነው?

«የመጀመሪያዬ ነው።»

እንግዲያው ደንቡን ታውቃለህ፤ በዚህ ሜዳ የመጀመሪያ የተባለ ነገር ሁሉ አንድ ካርቶን ቢራ ያስከፍላል። የሳቁትም ይጠጣሉ። ፓራሹቱን ጥሎ የወረደ ሰው ደግሞ መጠባበቂያውን ላጠፈለት ባለሙያ አንድ ጠርሙስ ደህና መጠጥ ይጨምራል።

«ጾም ላይ ነኝ።»

ቢራ ከገብስ ነው። ካርቶኑን አምጣ።