ለምናለሽ ተራው ተረበኛ

ስማኝማ ወንድሜ! የዘይት በርሜል ጠፍጥፈህ ማንደጃ ስታወጣ፣ መዶሻህ ባረፈ ቁጥር ደብተር ይዞ የሚያልፈው ተማሪ ይበረግጋል፤ አንተም «ፈሪ!» ትለዋለህ። ፈሪ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከትግራይ አልፎ ወሎ ሲዘልቅ፣ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘረፉ፣ አንተ የት ነበርክ? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህስ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሲሆኑ? ከዚያ ሸሽቶ የመጣው ልጅ መዶሻህን አልፈራም፤ ጆሮው የሰማውን አልረሳም።

«እኔስ ስንቱን ችዬ የለ?» ትላለህ። ቻልክ፣ እሰየው! ስትችል ከጎንህ ማን ነበር? ዕቁብህ፣ ዕድርህ፣ «አለሁ» የሚልህ ጎረቤት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲነድ፣ ሱቁ የተቃጠለበትን ነጋዴ «ወንድ ከሆንክ ብቻህን ተነሳ» ትለው ነበር? ታዲያ ቤተሰቡን ጥሎ ዘመድ ቤት መሬት ላይ የሚያድር ልጅ ጽናቱን ብቻውን ከየት ያምጣው?

«ጠንካራ ቢሆን መቼ ይታመም ነበር!» አልክ። እዚህ ላይስ አልምርህም። ሌሊት በቅዠት ባንኖ፣ ያ የተኩስ ቀን ዛሬ የሆነ ያህል ፊቱ እየተደቀነበት፣ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ክፍል የሚገባ ልጅ ታሟልም፣ ጠንክሯልም። ሐኪሞች ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ መበርገጉ፣ ቅዠቱ፣ ያን ቀን ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ መሸሹ ከወር አልፎ ኑሮውን ሲያናጋው ማለት ነው። ጽናት ይህን ሕመም ሊያቀልለው ይችላል። ግን አንተ ጽናት የምትለው ዝምታን ከሆነ፣ ዝም ያለ ልጅ ሕክምናም አያገኝም።

«ጊዜ ይሽረዋል» ደግሞ አልክ። እግርህ ቢወልቅ ወጌሻ ትጠራለህ ወይስ ቀን ትቆጥራለህ?

ነገር ሲያልቅብህ «አማኑኤል ውሰዱት!» አልክ። እሺ! አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ አዲስ ከተማ ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ የአገሩን ሰው ሲያክም ኖሯል። አንተ ስድብ ብለህ ወረወርከው፣ እኔ አድራሻ ብዬ ተቀበልኩት። በል ሱቅህን ለጎረቤት አደራ ብለህ አብረኸው ሂድ። ወረፋ ካለ፣ እንዳንተ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ቢቀመጥ ያሳጥርለታል።