በሬና ተመራጭ

በወላይታ፣ በዴሳ ውስጥ ለዘመን መለወጫው ለግፋታ በሬ የሚገዛ ሰው የሚያየውን መከራ ላልቀመሰ መምረጥ ቀላል ይመስለዋል። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ፣ ገበያ ለገበያ ተዙሮ፣ ጥርስ ተገልጦ፣ ሻኛ ተዳብሶ፣ በዋጋ ጉሮሮ እስኪደርቅ ተጨቃጭቆ ነው። ሥጋው ከደረቀ ደግሞ ገዢው እስከሚቀጥለው መስከረም ዳጣ በቀረበ ቁጥር ይታማል።

ለምክር ቤት የምንልከው ሰው ግን፣ ተመስገን፣ እንዲህ አያንከራትተንም። ተመርጦ ይመጣልናል። ጥርሱን ፓርቲው አይቶለታል፤ የኛ ድርሻ ተሰልፎ ጣት ቀለም ማስነካት ነው።

ፉክክር የለም የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ፉክክሩማ አንገት ለአንገት ነው፤ ብቻ የሚያልቀው እኛ ካርድ ሳንወስድ፣ በር በተዘጋበት ስብሰባ ነው። ዕጩ ለመባል ያን ሁሉ ደጅ የጠና ሰው የኛን ደጅ የሚጠናበት ምን ጉልበት ይቀረዋል?

ደግሞስ ፉክክር ምን በጀን? በ1997 ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ ወንበር ቢያገኙ አገር ታመሰ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ያዙ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቸኝነት አንጀት ይበላ ነበርና፣ በ2007 547ቱም ተጠቃለሉ። በ2013 ብልጽግና ከ436 ወንበር 410ሩን ብቻ መውሰዱ እንግዲህ ቸርነት ነው።

የክልል ተመራጫችን ዕድልማ አይነገርም። በ2013 ለደቡብ ክልል ምክር ቤት መረጥነው። በ2015 ስለ አዲስ ክልል ሕዝበ ውሳኔ ተባለና ጥር ላይ ወጣን፤ የወላይታው ተሰረዘ፣ ሰኔ ላይ ደግመን ወጣን። ክልሉ ፈርሶ ደቡብ ኢትዮጵያ ተወለደ፤ ርዕሰ ከተማው ከሐዋሳ ወደ ሶዶ፣ ምክር ቤቱም ወደ አርባ ምንጭ ሄደ። እሱ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እኛ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጠን፤ እሱ በአንድ ድምፅ ሁለት ክልል አገለገለ።

ሥራ ፈት ነው እንዳትሉኝ። አዋጅ በቀረበ ቁጥር ክንዱን የሚያነሳው ማን ሆነና? በወላይታ የመምህራን ደመወዝ በተቆራረጠ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማው፣ ክንዱ ዝሎ መሆን አለበት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 አመኔታ ያጣንበትን ተወካይ ማንሳት እንደምንችል ይነግረናል። እሱም አንብቦታል መሰለኝ፤ ምንም ሲያስደነግጠው አላየሁም።

ስለዚህ ቀጣዩ ምርጫ ሲመጣ ሥራ እንለዋወጥ። በሬውን እነሱ ስብሰባ ተቀምጠው፣ በሙሉ ድምፅ መርጠው ይላኩልን። ተመራጩን ለኛ ይተዉልን፤ ገበያ አውጥተን፣ ከብጤዎቹ ጋር አሰልፈን፣ ጥርሱን ገልጠን እንየው። በሬው ከሲታ ቢሆን እንኳ ጣጣው የአንድ መስከረም ነው፤ የአምስት ዓመት አይደለም።